በሕይወቱ አራት ጊዜ ብቻ ያሸነፈው ዩሪፒደስ ከሌሎቹ ይልቅ ብዙ ሥራ የተረፈለት ስለ ምንድን ነው?

የተውኔት ተማሪ (ጥያቄ)

የተከበራችሁ የዚህ መድረክ አባላት፣ ጤና ይስጥልኝ።

በዚህ መንፈቀ ዓመት ስለ ጥንታዊ የግሪክ ተውኔት እየተማርን ነው፤ መምህራችንም የዩሪፒደስን «ሜዲያ» አንብበን እንድንመጣ አዘውን ነበር። ተውኔቱን በአንድ ሌሊት ጨረስሁት። ባሏ ያሶን ጥሏት የንጉሥ ልጅ ሊያገባ የተነሣባት ባዕድ ሴት፣ ሙሽራይቱንና የሙሽራይቱን አባት በመርዝ ከገደለች በኋላ የገዛ ልጆቿን ገድላ አባታቸውን ባዶ እጁን ስታስቀረው ማንበብ ቀላል ነገር አይደለም። ይሁን እንጂ ከተውኔቱ ይልቅ ሲያብሰለስለኝ የሰነበተው በመጽሐፉ መቅድም ላይ ያገኘሁት አንድ ዐረፍተ ነገር ነው። ይህ ተውኔት ከክርስቶስ ልደት በፊት በ431 በአቴና ለውድድር ሲቀርብ ጸሐፊው ከሦስት ተወዳዳሪዎች ሦስተኛ ወጥቷል። አንደኛ የወጣው የታላቁ የኤስኪለስ ልጅ ዩፎርዮን ነው፤ ሁለተኛው ሶፎክለስ። ዛሬ በእርግጥ የዩፎርዮን ነው የሚባል አንድም ሙሉ ተውኔት በእጃችን የለም፤ «ሜዲያ» ግን እስካሁን በየሀገሩ ይታያል።

ሁለት ነገር ልጠይቃችሁ። ዳኞቹ እንዲህ ያለውን ሥራ የመጨረሻ ያደረጉት ምን አይተው ነው? ደግሞስ ሶፎክለስ ከ120 በላይ ተውኔት ጽፎ ሰባት ብቻ፣ ኤስኪለስም እንዲሁ ሰባት ብቻ ሲቀሩላቸው፣ ከ90 ገደማ ሥራዎቹ 19ኙ በስሙ እስከ እኛ የደረሱለት ዩሪፒደስ መሆኑ የአንባቢ ፍርድ ነው ወይስ ዕድል? ከዚህ ሌላ፣ ስለ «ኢትዮጵያ ንጉሥ ልጅ» የጻፈው ተውኔት ነበረ ሲባል ሰምቻለሁ፤ የሚያውቅ ቢያስረዳኝ ደስ ይለኛል።

(በጽሑፌ ውስጥ ለጥንቱ ዘመን የጠቀስኋቸው ዓመታት ሁሉ ከክርስቶስ ልደት በፊት ናቸው፤ መልስ የምትሰጡኝም እንዲሁ ብታደርጉ አንደናገርም።)


የማታ አንባቢ

ጥያቄዎ መልካም ነው፤ ነገር ግን «ሜዲያ ተሸነፈ» የሚለው አነጋገር ራሱ መታረም ያለበት ይመስለኛል። በአቴና በጸደይ ወራት ለዲዮኒሰስ አምላክ ክብር በሚደረገው ታላቅ በዓል ላይ የሚወዳደሩት ጸሐፊዎቹ እንጂ ነጠላ ተውኔቶች አልነበሩም። እያንዳንዱ ጸሐፊ ሦስት ትራጄዲዎችንና፣ ሳቲር የተባሉት ግማሽ ሰው ግማሽ እንስሳ ፍጡራን የሚቀልዱበትን አንድ አጭር ተውኔት አከታትሎ ያቀርባል፤ ዳኞችም አራቱን በአንድነት ይመዝናሉ። በ431 ከ«ሜዲያ» ጋር «ፊሎክቴቴስ»፣ «ዲክቲስ» እና «አጫጆቹ» የተባሉ ሦስት ሥራዎች ቀርበው ነበር፤ ሦስቱም ጠፍተዋል። ሦስተኛነቱ የአራቱ ድምር ነው።

ዳኝነቱም ዛሬ በምናውቀው የባለሙያ ዳኝነት ዓይነት አልነበረም። ዳኞቹ ከአሥሩ የአቴና ነገዶች አንድ አንድ ሰው በዕጣ የሚመረጡ ተራ ዜጎች ሲሆኑ፣ ከሰጡትም ድምፅ የሚቆጠረው እንደገና በዕጣ የወጣው ብቻ ነበር። ሌላም መዘንጋት የሌለበት ነገር አለ፤ በበዓሉ ላይ ለመወዳደር አርኮን የተባለው ሹም ከአመልካቾች መካከል ሦስት ጸሐፊዎችን ብቻ መርጦ ለእያንዳንዳቸው ኮረስ፣ ማለትም የዘማሪዎችና የዘፋኞች ቡድን፣ ይመድብላቸዋል፤ የኮረሱንም ወጪ የሚችለው አንድ ባለጠጋ ዜጋ ነው። ዩሪፒደስ ይህ ዕድል 22 ጊዜ ያህል ተሰጥቶታል። ከተማዋ ብትነቅፈውም ሥራውን ማየት አልተወችም። በ455 ለመጀመሪያ ጊዜ ቀርቦ ሦስተኛ ወጣ፤ የመጀመሪያ ድሉን ያገኘው ከ14 ዓመት በኋላ በ441 ነው።

ይህን ካልሁ በኋላ፣ «ሜዲያ» የአቴናን ተመልካች የሚያስቆጣ ነገር አልነበረውም ማለቴ አይደለም። በጥንቱ ትረካ ልጆቹን የገደሉት የቆሮንቶስ ሰዎች ናቸው የሚል ወሬ ነበረ፤ እናቲቱ ሆን ብላ እንድትገድላቸው ያደረገው ዩሪፒደስ ራሱ ሳይሆን አይቀርም የሚሉ ምሁራን ብዙ ናቸው። እኔን ይበልጥ የሚገርመኝ ግን ሌላ ነው። በተውኔቱ መካከል የአቴና ንጉሥ ኤጌውስ በመንገድ ሲያልፍ ይመጣና፣ ሜዲያ ወደ ከተማው ብትሸሽ እንደሚያስጠጋት ይምልላታል። በመጨረሻም የልጆቿን አስከሬን ይዛ በፀሐይ አምላክ ሠረገላ ከቤቱ ጣራ በላይ ስትነሣ፣ የምትሄደው ወዴት እንደሆነ ተመልካቹ ያውቃል፤ ወደ እሱው ከተማ ነው። ደሙ ያልደረቀ ነፍሰ ገዳይ ነገ ጎረቤትህ ትሆናለች እየተባለ የተነገረው ሕዝብ እጁን አጥብቆ ባያጨበጭብ አልፈርድበትም። በዚያው ዓመት ደግሞ ከስፓርታ ጋር የሚደረገው ረጅሙ ጦርነት ተጀመረ፤ ቆሮንቶስም ከጠላት ወገን ነበረች።

ስለ ሕይወቱ ሲያነቡ ግን ይጠንቀቁ፤ በየመጽሐፉ የሚገለበጠው አብዛኛው ታሪክ ከቀልድ የተለቀመ ነው። በ480 ግሪኮች ፋርሶችን ድል ያደረጉበት የሳላሚስ የባሕር ጦርነት በተደረገበት ዕለት በዚያችው ደሴት ተወለደ ይባላል፤ ኤስኪለስ በጦርነቱ ተዋግቷል፣ ሶፎክለስ በወጣትነቱ የድሉን ዝማሬ መርቷል፣ ሦስተኛው ደግሞ በዚያው ቀን ተወለደ፤ ሲያዩት ያምራል፣ እኔ ግን እንዲህ ያለ ልክ በልክ የተሰፋ ታሪክ ያጠራጥረኛል። እናቱ ክሌይቶ ጎመን ሻጭ ነበረች የሚለው የኮሜዲ ጸሐፊዎች ዘለፋ ነው። ሚስቶቹ ከድተውታል፣ በመቄዶንያ ውሾች ቦጫጭቀው ገደሉት የሚለውም ከዚያው ጎተራ የወጣ ይመስላል፤ የኋለኛው እንዲያውም ከራሱ ተውኔቶች የተቀዳ ነው የሚያሰኝ መልክ አለው። በሳላሚስ ዋሻ ውስጥ ተቀምጦ ባሕሩን እያየ ይጽፍ ነበር የሚለውን ወሬም ለረጅም ጊዜ እንደ ተረት ስቆጥረው ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ግን በደሴቲቱ በአንድ ዋሻ ቁፋሮ ተደርጎ የስሙ ፊደላት የተጫሩበት ጥቁር የሸክላ ጽዋ ስባሪ ተገኝቷል። ፊደላቱ ከእሱ ዘመን በኋላ የተጻፉ ናቸው ስለተባለ፣ ጽዋው የሚመሰክረው ሰዎች «የዩሪፒደስ ዋሻ» እያሉ ሊሳለሙ ይመጡ እንደነበር ነው።

አስተማማኝ የሆነው የመጨረሻው ክፍል ነው። በሕይወቱ መገባደጃ አቴናን ትቶ ወደ መቄዶንያ ንጉሥ ወደ አርኬላዎስ ቤተ መንግሥት ሄደ፤ በዚያም በ406 ሞተ። መርዶው አቴና ሲደርስ፣ ዘጠና ዓመት የሞላው ሶፎክለስ ራሱ የሐዘን ልብስ ለብሶ፣ ኮረሱንም ያለ አበባ አክሊል በሕዝቡ ፊት አቀረበ ይባላል። በመቄዶንያ የጻፋቸው «ባኬ» እና «ኢፊጌንያ በአውሊስ» ከሞተ በኋላ በአቴና ታዩ፤ አንደኛም ወጡ። ይህ አምስተኛው ድሉ ነው።


ብራና ፈላጊ

የማታ አንባቢ በውድድሩ ላይ የጻፉት ሁሉ ልክ ነው፤ እኔ ሁለተኛውን ጥያቄ ልውሰደው። መልሱ «ግማሹ ፍርድ፣ ግማሹ ዕድል» ነው፤ ይህን የምለውም ለማስታረቅ አይደለም፣ ቁጥሩ ራሱ እንዲያ ሆኖ ነው።

ከ386 ጀምሮ በአቴናው በዓል ላይ የሞቱ ጸሐፊዎችን ተውኔት ደግሞ ማሳየት ተፈቀደ፤ ተዋንያንም በብዛት የሚመርጡት የዩሪፒደስን ነበር። ምክንያቱም ግልጽ ይመስለኛል፤ ለተዋናይ የሚመች ረጅም የምሬት ንግግር፣ ሙግት፣ ማንነትን መለየት፣ መደናገጥ በሥራዎቹ ሞልቷል። ተዋንያኑ ግን ቃሉን እየለዋወጡ ስላስቸገሩ፣ ሊኩርጎስ የተባለው የአቴና መሪ የሦስቱ ታላላቅ ጸሐፊዎች ሥራ በመንግሥት መዝገብ ቤት በአንድ ትክክለኛ ቅጂ እንዲቀመጥ፣ ተዋንያንም ከዚያ እንዳይወጡ ሕግ አወጣ። ከዚያ ወዲህ ያለውን ታሪክ ሐኪሙ ጋሌን ነው የሚነግረን፤ የግብፁ ንጉሥ ሦስተኛው ፕቶሌሚ እነዚህን ቅጂዎች ለእስክንድርያ ቤተ መጻሕፍት ሊያስገለብጥ 15 መክሊት ብር አስይዞ ተዋሰ፤ አስገልብጦም አዲሱን ግልባጭ ወደ አቴና መልሶ የመጀመሪያውን ለራሱ አስቀረ፤ ያስያዘውንም ገንዘብ «ውሰዱት» አለ። ከዚህ የባሰ መጽሐፍ የማይመልስ ሰው በጓደኞቼ መካከል እንኳ አላጋጠመኝም።

በኋለኛው ዘመን በትምህርት ቤቶች የሚነበቡ አሥር የዩሪፒደስ ተውኔቶች እየተለዩ መጡ፤ አብዛኞቹም በኅዳጋቸው አንድምታ መሳይ ማብራሪያ አላቸው፤ እኛ በብራና ዳር ከምናየው የሊቃውንት ሐተታ ብዙም አይርቅም። «ሜዲያ»፣ «ሂፖሊጦስ»፣ «አልኬስቲስ»፣ «የትሮይ ሴቶች» ከዚህ ወገን ናቸው። እነዚህን ያተረፋቸው ፍርድ ነው፤ መምህር መርጦ አስተምሯቸዋል፣ ተማሪ ገልብጧቸዋል። የቁስጥንጥንያ ተማሪዎች ከሁሉ አብዝተው ያነበቡት ግን «ሄኩባ»ን፣ «ኦሬስቴስ»ን እና «የፊንቄ ሴቶች»ን ነበር፤ ዛሬ እኛ የምናስቀድመው «ሜዲያ» ከሦስቱ ውስጥ አልነበረም። ከዚሁ ከአሥሩ አንዱ የሆነው «ሬሶስ» የእሱ አይደለም የሚሉ ስለሚበዙ ነው አንዳንድ መጽሐፍ 19፣ አንዳንዱ 18 የሚለው።

የቀሩት ዘጠኙ ታሪካቸው ሌላ ነው። «ሄለን»፣ «ኤሌክትራ»፣ «ሄራክለስ»፣ «የሄራክለስ ልጆች»፣ «ለማኞቹ ሴቶች»፣ «ዮን»፣ ሁለቱ «ኢፊጌንያ»ዎች እና «ሳይክሎፕስ» በግሪክኛ የሚጀምሩት ኤፕሲሎን፣ ኤታ፣ ዮታ እና ካፓ በተባሉት፣ በፊደል ተራ ተቀራርበው በሚገኙ አራት ፊደላት ነው። ነገሩ ይህ ነው፤ በጥንት ዘመን ሙሉ ሥራው በፊደል ተራ ተጽፎ ነበር፤ ሌላው ሁሉ ሲጠፋ ከመካከል አንድ ክፍል ተረፈ። አንድ ትልቅ ቤተ መጻሕፍት ተቃጥሎ ከ«ሀ» እስከ «መ» የሚጀምሩት መጻሕፍት ብቻ ቢተርፉ ማንም «ምርጦቹ እነዚህ ናቸው» አይልም። እነዚህን ዘጠኝ ሥራዎች ያገኘነው በ14ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ፣ በተሰሎንቄ፣ ዲሜጥሮስ ትሪክሊንዮስ በተባለው ሊቅ ዙሪያ በተገለበጠ አንድ የእጅ ጽሑፍ አማካይነት ነው፤ መጽሐፉም ዛሬ በፍሎረንስ በሎሬንዞ ቤተ መጻሕፍት ይገኛል። ከሳቲር ተውኔት ወገን ሙሉ ሆኖ የቀረው «ሳይክሎፕስ» ብቻ ነው፤ ስለዚህ የአንድ የተውኔት ዓይነት እውቀታችን በሙሉ በዚያ የፊደል ዕጣ ላይ የቆመ ነው።

እንግዲህ የሶፎክለስና የኤስኪለስ ሰባት ሰባት ተውኔቶች የተመረጡ ብቻ ናቸው። ለዩሪፒደስ ደግሞ ከተመረጡት ሌላ ያልተመረጡ ተጨምረውለታል፤ ይህም ዝናውን የጎዳበት ጊዜ አለ፤ የሌሎቹ ደካማ ሥራ ጠፍቶ የእሱ ደካማ ሥራ ይነበባልና።

ፍለጋውም አላበቃም። እ.ኤ.አ. በ2022 በግብፅ በጥንታዊቷ ፊላዴልፍያ የመቃብር ስፍራ በተገኘ አንድ ፓፒረስ ላይ «ኢኖ» እና «ፖሊይዶስ» ከተባሉት ከጠፉት ሥራዎቹ 98 ስንኞች ተነበቡ፤ ጽሑፉም በ2024 ለሕዝብ ወጣ። አብዛኛው ከዚያ በፊት ማንም ያላየው ነው።


ወለላ

ስለ ብራናው ታሪክ አመሰግናለሁ፤ ብዙ ተምሬበታለሁ። ይሁን እንጂ ውይይቱ ሁሉ ስለ ዳኞችና ስለ ገልባጮች ሆነና ጸሐፊው ራሱ ከዳር ቀረ። ሰው እየጠላውም ቢሆን ለምን ከአፉ እንዳላወጣው ማየት ያስፈልጋል።

አርስቶትል በ«ስነ ግጥም» መጽሐፉ እንደሚነግረን ሶፎክለስ «እኔ ሰዎችን መሆን እንደሚገባቸው አድርጌ እሥላለሁ፤ ዩሪፒደስ ግን እንደሆኑት» ብሏል። ሁለት ሺህ ዓመት የተጻፈበት ትችት ከዚህች ዐረፍተ ነገር ብዙ አልራቀም። በሌሎቹ መድረክ ላይ ጀግና የነበረው ያሶን በዩሪፒደስ እጅ ሲገባ፣ ሚስቱን የፈታው ለእሷና ለልጆቿ ጥቅም መሆኑን በጨዋ አነጋገር የሚያስረዳ ሰው ይሆናል። እንዲህ ያለውን ሰው ሁላችንም እናውቀዋለን፤ በሽምግልና ላይ ተቀምጦ ሲናገር ሰምተነዋል። የሚያስፈራውም ክፋቱ ሳይሆን ራሱን ማሳመኑ ነው።

እዚህ ላይ «ዩሪፒደስ የሴቶች ተሟጋች ነበር» የሚለውን የተለመደ አባባል እኔ ሙሉ በሙሉ አልቀበለውም። ሜዲያ «አንድ ጊዜ ከመውለድ ሦስት ጊዜ ጋሻ ይዞ በጦር ሜዳ መቆም ይሻለኛል» ስትል፣ ያን ቃል የጻፈው ወንድ፣ የተጫወተውም ጭምብል ያጠለቀ ወንድ፣ የሰማውም በአብዛኛው ከዘመቻ የተመለሰ ወንድ ነው። በዘመኑ የነበረው አሪስቶፋነስ እንዲያውም ሴቶች ተሰብስበው «ስማችንን አጥፍቷል» ብለው ዩሪፒደስን ሲከሱት የሚያሳይ ኮሜዲ በ411 አቅርቧል። እኔ እንደሚመስለኝ ጠበቃም ከሳሽም አልነበረም፤ ያደረገው ነገር ቢኖር፣ ዝም እንዲሉ የሚጠበቅባቸውን፣ ማለትም ሚስትን፣ ባሪያን፣ ሞግዚትን፣ ምርኮኛን ምክንያታቸውን እስከ መጨረሻው እንዲናገሩ መፍቀዱ ነው። ሰሚው የወደደውን ይፍረድ።

ሲነቅፉት የሚጠቅሱበትን አንድ ስንኝ ልንገራችሁ። በ428 አንደኛ በወጣበት «ሂፖሊጦስ» ውስጥ ወጣቱ ምስጢር ላለማውጣት ከማለ በኋላ፣ የሰማው ነገር ሲከብድበት «ምላሴ ማለ፤ ልቤ ግን አልማለም» ይላል። አቴናውያን በዚህ ስንኝ ተነሡበት፤ መሐላን ያቀለለ፣ ወጣቱን የሚያበላሽ አስባሉት። በ405 በቀረበው «እንቁራሪቶች» በተባለው የአሪስቶፋነስ ኮሜዲ፣ ዲዮኒሰስ አምላክ የሞተውን ዩሪፒደስን ሊያስመልስ ወደ ሙታን ዓለም ይወርዳል፤ በዚያም በኤስኪለስና በዩሪፒደስ መካከል ሙግት ተደርጎ በመጨረሻ ሐሳቡን ይለውጥና «ምላሴ ማለ፤ እኔ ግን ኤስኪለስን እወስዳለሁ» ብሎ በገዛ ስንኙ ያዋርደዋል። ቀልዱ ግሩም ነው። ፍርዱ ግን ግፍ ነው፤ ተውኔቱን እስከ መጨረሻው ያነበበ ሰው እንደሚያውቀው ሂፖሊጦስ ያን መሐላ አላፈረሰም፤ ቢያፈርሰው ይድን ነበር፤ ጠብቆት ሞተ።

ከሁሉ በላይ ግን «የትሮይ ሴቶች»ን አንብቡ። በ415 የቀረበ ነው። ከዚያ በፊት በነበረው ክረምት አቴናውያን ሜሎስ የተባለችውን ትንሽ ደሴት አሸንፈው፣ ለአቅመ አዳም የደረሱትን ወንዶች ፈጅተው ሴቶቹንና ልጆቹን ለባርነት ሸጠዋል። ዩሪፒደስም በዚያው ሕዝብ ፊት፣ የተሸነፈች ከተማ ሴቶች ለማን እንደሚደርሱ ዕጣ ሲወጣባቸው፣ የሄክቶር ሕፃን ልጅ ከግንብ ተወርውሮ ሲገደል፣ አያቱ ሄኩባ በአባቱ ጋሻ ላይ አስተኝታ ስታለቅስለት አሳየ። ሁለተኛ ወጣ። ከሁለት ዓመት በኋላ አቴናውያን ራሳቸው በሲሲሊ ድል ሆኑ፤ ፕሉታርክ እንደጻፈው፣ በሲራኩስ ከተማረኩት ወታደሮች አንዳንዶቹ የዩሪፒደስን ስንኞች በቃላቸው ስለሚያውቁ፣ ለጌቶቻቸው እያስጠኑ ነፃ ወጡ፤ ወደ አገራቸውም ሲመለሱ ቤቱ ድረስ ሄደው አመሰገኑት።


ሰማይ ቆጣሪ

ሦስተኛው ጥያቄ ሳይመለስ ስለቀረ ልግባበት። አዎን፣ ነበረ፤ ስሙ «አንድሮሜዳ» ነው፤ በ412 ከ«ሄለን» ጋር ቀረበ፤ ዛሬ ያለን ቁርጥራጩ ብቻ ነው። ታሪኩን ከከዋክብት ስም ታውቁታላችሁ። የኢትዮጵያውያን ንጉሥ ኬፌውስ ሚስት ካሲዮፔያ በውበት ከባሕር አማልክት ልጆች ጋር በመፎካከሯ፣ የባሕሩ አምላክ አውሬ ላከ፤ አውሬው እንዲመለስም ልጃቸው አንድሮሜዳ በባሕር ዳር ቋጥኝ ላይ ታሰረች፤ በመጨረሻ ፔርሴውስ አዳናት። አራቱም ዛሬ በሰሜን ሰማይ ጎን ለጎን ይታያሉ።

ዩሪፒደስ ተውኔቱን የጀመረው በሌሊት ነው፤ የታሰረችው ልጅ ብቻዋን «ቅድስት ሌሊት ሆይ» እያለች ታለቅሳለች፤ ከዋሻውም ውስጥ የገደል ማሚቶ የቃሏን መጨረሻ እየደገመች ትመልስላታለች። ወለላ የጠቀሱት የ411 ኮሜዲ በዚህ ትዕይንት ላይ በደንብ ተሳልቆበታል፤ ከጠፋው ሥራ ጥቂቱን የምናውቀውም ከዚያ ቀልድ የተነሣ ነው። «እንቁራሪቶች» ላይ ደግሞ ዲዮኒሰስ ዩሪፒደስን ለመመለስ ናፍቆት የያዘው በመርከብ ላይ ሆኖ «አንድሮሜዳ»ን ሲያነብ እንደሆነ ራሱ ይናገራል።

ነገር ግን ወንድሞቼና እህቶቼ፣ ይህን ይዘን «ዩሪፒደስ ስለ እኛ ጻፈ» ወደሚል እንዳንሮጥ። ግሪኮች «አይቲዮፒያ» የሚሉት ከግብፅ በስተደቡብ ያለውን አገር ሁሉ ነበር፤ አንዳንዴም ፀሐይ በምትወጣበትና በምትገባበት የዓለም ዳርቻ ያለውን ምድር እንዲሁ ይሉታል። አንድሮሜዳ የታሰረችበትን ቋጥኝ ከኋላ ዘመን ጸሐፊዎች አንዳንዶቹ በኢዮጴ፣ ማለትም በያፋ ወደብ አድርገውታል። ስሙ ወደ እኛ የመጣበት መንገድ ሌላ ነው፤ የብሉይ ኪዳን የግሪክ ተርጓሚዎች «ኩሽ» የሚለውን «አይቲዮፒያ» አሉት፤ ከዚያም በግእዙ መጽሐፍ «ኢትዮጵያ» ሆኖ ገባ። ይህ ማለት ግን ግሪኮቹ ጥቁር ሰው ሳያስቡ ነው የሚተርኩት ማለት አይደለም፤ በዩሪፒደስ ዘመን አካባቢ የተሣለና ዛሬ በቦስተን ሙዚየም የሚገኝ አንድ የሸክላ ዕቃ ላይ፣ አንድሮሜዳን ለማሰር የሚዘጋጁት አገልጋዮች ጥቁሮች ሆነው ይታያሉ። እሷ ራሷ ግን የምሥራቅ ሰው ልብስ ለብሳለች።

ሁለተኛም አለ። «ፋኤቶን» በተባለው ሥራው፣ የፀሐይ ልጅ የሆነው ወጣት የሚያድገው በኢትዮጵያውያን ንጉሥ በሜሮፕስ ቤት ነው፤ የአባቱን ሠረገላ ልንዳ ብሎ ተቃጥሎ ይሞታል። ከዚህ ተውኔት ረዘም ያለው ክፍል የተረፈው እንዴት ይመስላችኋል? በፓሪስ የሚገኘው፣ የቅዱስ ጳውሎስን መልእክቶች የያዘው ጥንታዊ ብራና በተጠገነ ጊዜ፣ የተውኔቱ ሁለት ቅጠሎች ጽሑፋቸው ተፍቆ እንደ መጠገኛ ገብተውበት ነበር። ብራና ፍቆ መጻፍ ለእኛም ሀገር ጸሐፍት እንግዳ ነገር አይደለም።

ጳውሎስን ካነሣን አይቀር፣ «ክፉ ባልንጀርነት መልካሙን አመል ያጠፋል» የሚለው ቃል ከግሪክ ተውኔት የተጠቀሰ ስንኝ ነው። ብዙዎች የኮሜዲ ጸሐፊው የሜናንደር ነው ይላሉ፤ ከክርስቶስ ልደት በኋላ በ5ኛው መቶ ዓመት የቤተ ክርስቲያንን ታሪክ የጻፈው ሶቅራጥስ ግን የዩሪፒደስ ነው ብሏል። በሐዋርያት ሥራም ጳውሎስ በደማስቆ መንገድ የሰማው፣ የመውጊያውን ብረት መቃወም እንደሚብስበት የሚናገረው ምሳሌ፣ በ«ባኬ» ውስጥ ዲዮኒሰስ ለሚያሳድደው ንጉሥ ለፔንቴውስ ከሚናገረው ጋር አንድ ነው። ከዩሪፒደስ ቀድሞ ኤስኪለስም ስለተጠቀመበት፣ በሰው አፍ የነበረ ምሳሌ ነው ብሎ መያዙ ይሻላል።

ወደ አፍሪካ መድረክ በእውነት የመጣውም ይኸው «ባኬ» ነው። ናይጄሪያዊው ወሌ ሾዪንካ ለለንደኑ ብሔራዊ ቴአትር እ.ኤ.አ. በ1973 እንደገና ሲጽፈው የባሪያዎች ኮረስ ጨመረበት፤ መጨረሻውንም ለወጠው፤ ከተገደለው ንጉሥ ራስ ደም ሳይሆን ወይን ጠጅ ይፈልቃል።


የተውኔት ተማሪ

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። የማታ አንባቢ ስለ ኤጌውስ የጻፉትን ካነበብሁ በኋላ ተውኔቱን እንደገና ከፈትሁት፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳነበው ያን ትዕይንት ትርፍ መስሎኝ አልፌው ነበር። አርስቶትልም የንጉሡን አመጣጥ ያለ ምክንያት ነው ብሎ መንቀፉን መምህሬ ነገሩኝ፤ ስለዚህ ስሕተቴን ከታላቅ ሰው ጋር ተካፍያለሁ።

ለክፍል ሥራ የመክፈቻውን የሞግዚቷን ንግግር ወደ አማርኛ እየመለስሁ ነው። የመጀመሪያዎቹ ስንኞች እንዲህ ሆነውልኛል (አርጎ ያሶንን ወደ ሜዲያ አገር ወደ ኮልኪስ ያደረሰችው መርከብ ናት)፤

«ምነው የአርጎ መርከብ በተላታሚዎቹ ሰማያዊ ቋጥኞች መካከል
ወደ ኮልኪስ ምድር ባልበረረች!
ምነው በፔልዮን ሸለቆ ጥዱ ተቆርጦ ባልወደቀ!»

የከበደኝ ቅደም ተከተሉ ነው። ጥዱ የሚቆረጠው መርከቡ ከመሠራቱ በፊት ሆኖ ሳለ፣ ሞግዚቷ ግን መርከቡን አስቀድማ ዛፉን ታስከትላለች። ለአማርኛ አንባቢ እንዲገባው ላስተካክለው ወይስ እንዳለ ልተወው?


ወለላ

እንዳለ ይተዉት። አልቃሽ ስታለቅስ ሰምተው ያውቃሉ? «ምነው ያን ቀን ባልወጣህ» ብላ ትጀምርና «ምነው ያቺ በቅሎ ባልተገዛች» ትላለች፤ ከዚያም «ምነው ገበያው ባልቆመ» እያለች ወደ ኋላ ትሄዳለች። ሞግዚቷም የምታደርገው ይህንኑ ነው፤ ከመርከቡ ወደ ዛፉ ትወርዳለች፣ ቀጥላም ዛፉን ወደ ቆረጡትና መቅዘፊያውን ወደ ያዙት እጆች ትሄዳለች። «ምነው» እና «ባል» ብለው መጀመርዎ ሙሾውን ይዞልዎታል። «ሰማያዊ» የሚለውን ግን ደግመው ይዩት፤ የግሪኩ ቃል ወደ ጥቁረት ያደላ ነውና «ጥቋቁር ቋጥኞች» ቢሉት ለአፍም ለዓይንም የሚቀርብ ይመስለኛል።